የግራ የፊት ጎማ

ልብስ ሰፊዋ የመድኃኒት ቤቷን ሴት መኪና ከሌላው ሁሉ ለይታ በድምፁ ታውቀዋለች። ከመንገዱ ጫፍ ታጥፎ ገና ብቅ ሲል፣ አሽከርካሪዋ ፍሬኑን ቀስ አድርጋ ስትነካው፣ ቀጭንና ረጅም፣ ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት ያሰማል። በሩ አጠገብ ሲደርስ አንዴ ይደግመዋል። ፍሬኑ ጠበቅ ሲል ደግሞ ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናዋ ላይ ታነሳለች፤ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ይቀራል።

«መጣችልህ» ትላለች ባሏን፣ ማንም ባይሰማትም።

ባሏ ሠላሳ ዓመት የአውቶቡስ ድርጅት መካኒክ ነበር። ጓደኞቹ ስሙን ትተው «ጆሮ» ይሉት ነበር፤ ሰፈሩም ይህንኑ ወረሰ። አውቶቡስ ወደ ግቢ ሲገባ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሻይ እየጠጣ፣ «የኋላ ቀኝ ኩሽኔታ ሊሄድ ነው፤ ሾፌሩም እንቅልፍ አልጠገበም» ይል ነበር ይባላል። የኩሽኔታው ነገር እውነት ነው፤ የእንቅልፉን ሾፌሮቹ ጨመሩበት። ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት ቢሆነውም ሰው አልተወውም። መኪናው የማያውቀውን ድምፅ ያወጣበት ሁሉ፣ ጋራዥ ገብቶ ከመታለሉ በፊት ወደ ጆሮ ግቢ ይመጣል። ጆሮ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ካስፈለገም ጎማ ፈትቶ ያያል፤ ከዚያ የበሽታውን ስም ይነግረዋል። ለዚህ አንድ ቅዳሜ ይበቃው ነበር።

ለመድኃኒት ቤቷ ሴት ግን አምስት ቅዳሜ አልበቃውም።

ሴትየዋ ዋናው መንገድ ላይ ያለው መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራ ፋርማሲስት ናት። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ መኪናው የእሱ ነበር። ስለ እሱ አታወራም። ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ የኋላ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች፣ ጫማዋ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም ንጹሕ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከዚህ ሁሉ አብልጣ የምትጠላው ጫማዋን ነበር።

አምስተኛው ቅዳሜ ላይ ጎረቤቷ ቀሚስ ልትለካ መጥታ ነበር። ይህቺን ጎረቤት ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል፤ ጠዋት የሰማችውን እስከ ቀትር ለሁሉም ታደርሳለች። በርጩማ ላይ ቆማ፣ ወገቧ ዙሪያ መርፌ ተሰክቶባት፣ አንገቷን ወደ መስኮቱ አሰገገች።

«ስንተኛዋ ቅዳሜ ናት ይቺ?»

«አልቆጠርኩም።»

«አምስተኛዋ ናት። እኔ ቆጥሬልሻለሁ። ለአንድ ፍሬን! እኔ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ሠራተኛ ቀጥሬ ሁለቱንም አባርሬአለሁ።»

«አትንቀሳቀሺ፣ መርፌው ይወጋሻል።»

«እኔ ምን አገባኝ። ብቻ ባል የሌላት ሴት ናት፣ ባል ያለው ወንድ ደግሞ... ማለቴ ሚስት ያለው ወንድ ደግሞ... ምን አገባኝ አልኩ እኮ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ቀጣዩን መርፌ ትንሽ ጠለቅ አድርጋ ሰካችው።

«ዋይ!»

«አትንቀሳቀሺ አላልኩሽም?»

ሬዲዮ ከሄደች በኋላ ግን እሷም መስኮቱን አልተወችውም። ባሏና ሴትየዋ መኪናው ፊት ቆመዋል። ባሏ በእጁ ጨርቅ ይዟል፤ ጨርቁን ረስቶታል።

«ፍሬን ስትይዢ ነው ወይስ ስትለቂ?»

«ቀስ አድርጌ ስይዝ ነው ጋሼ። ጠበቅ ሳደርገው ይተወኛል።»

«እንደ መጋዝ ነው ወይስ እንደ ፉጨት? እስቲ በአፍሽ አሰሚኝ።»

ሴትየዋ ግራ ቀኝ አየችና ከንፈሯን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ሲይይይ» አለች። ጆሮ ጎንበስ ብሎ ከንፈሯን አየ። ዓይኑን አልነቀለም።

«ወፈር አድርጊው፣ ልጄ።»

«ሱውውው...»

«አሁን አውቶቡስ ሆነ» አለ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር የኖረችው ልብስ ሰፊ፣ ባሏ የእሷን ከንፈር እንዲህ ያየበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረች። አንድ ሁለት ቀን ትዝ አላት፤ ሁለቱም ከጋብቻው በፊት ነበሩ። መስኮቱን ገፋ አድርጋ ተጣራች።

«አንተ! ምሳ ቀርቧል!»

አልዞረም። ሦስት እርምጃ አይርቅም። ደግማ ጠራችው፤ አሁንም አልዞረም። የሰማችው ሴትየዋ ናት። እጅጌውን በሁለት ጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እትዬ እየጠሩዎት ነው» አለችው። ወዲያው ዞረ።

የገዛ ባሏን በሌላ ሴት ጣት ተጠርቶ አገኘችው።

ሴትየዋ ከሄደች በኋላ፣ ምሳው ቀዝቅዞ እየበሉት ሳለ ጠየቀችው።

«ይሄ ፍሬን ምን ሆኖ ነው የማይገኝለት?»

«ቀኙን ሁለቴ ፈታሁት። ከቀኝ በኩል ነው የሚሰማኝ ትላለች። የፍሬን ሸራው ገና ወፍራም ነው፣ ዲስኩም ደህና ነው።»

«እና ምን ያስጮኸዋል?»

«እኔም እሱን ነው የምፈልገው።»

«ድሮ ጀርባህን ሰጥተህ ታውቅ ነበር።»

ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። እሷም ወደ ማጠቢያው ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ ይላታል ደግሞ! የአርባ አምስት ዓመት ልጅ! በአሥራ ስድስት ዓመቱ ወልዷት ይሆናላ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ምንም አላልኩም።»

የሚያቃጥላት ሌላ ነገር ነበር። ጩኸቱ ከቀኝ አይደለም የሚመጣው። መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ድምፅ ይዞርበት ይሆናል፤ ከውጭ ለሚሰማ ግን የማያሻማ ነው፤ የሚጮኸው ግራ የፊት ጎማ ነው። መኪናው ግቢው ውስጥ ሲታጠፍ ጩኸቱ ወደ መስኮቷ የሚቀርበው ግራው ሲቀርብ ነው፤ የሚርቀውም ግራው ሲርቅ። እሷ፣ ክሪክና ጎማ መፍቻ ለይታ የማታውቀው ሴት፣ ይህን ካወቀች ጆሮ የሚባል ሰው አያውቅም ብሎ ማን ያምናል? እያወቀ ነው ቀኙን የሚፈታው። ግራውን የፈታ ቀን ቅዳሜው ያልቃላ!

እንዲህ ብላ ደመደመች። የደመደመችውንም ለሳምንት ያህል በየስፌቱ መሐል እያመላለሰች አጠበቀችው።

በስድስተኛው ቅዳሜ መኪናው ግቢው ውስጥ ለብቻው ቀረ። ሴትየዋ ለባልደረባዋ ቁልፍ ልታደርስ በእግሯ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደች። ጆሮ ደግሞ መኪና የሚያነሳበት ክሪክ ስለተበላሸበት ከቀድሞ ሥራ ቦታው ሊዋስ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ አየችው። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ዝም ብሏል፤ እንደ ጨዋ እንግዳ።

ስፌት ያስተማረቻት ሴት፣ «የሚጮህ ብረት የተራበ ብረት ነው» ትል ነበር። ልብስ ሰፊዋ በዚህ ቃል አርባ ዓመት ኖራለች። የስፌት መኪናዋ፣ መቀሶቿ፣ የበሩ ማጠፊያ፣ የመስኮቱ መቀርቀሪያ፣ ሁሉም ከአንዲት አፈ ሹል ዘይት ማንጠብጠቢያ ድርሻቸውን አግኝተዋል። በዚያ ቤት የሚጮህ ነገር የለም። ፍሬንም ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ሲራብ ይጮሃል። ጩኸቱ ከቆመ ቅዳሜዎቹ ይቆማሉ። ስሌቷ ይኸው ነበር፤ ሌላ ክፋት በልቧ አልነበረም።

ቀሚሷን ሰብስባ ግራው የፊት ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አለች። በጎማው ብረት ቀዳዳዎች በኩል ዲስኩ እንደ አዲስ ሳህን ያብረቀርቃል። የማንጠብጠቢያውን አፍ አስገብታ በዚህ በኩል አደረገች፣ በዚያ በኩል አደረገች፣ ሸራው ዲስኩን ጨብጦ የያዘበት ቦታ ላይም ጨመረች። ለስፌት መኪናዋ በሳምንት አምስት ጠብታ ነው የምትሰጠው፤ ለዚህኛው የማንጠብጠቢያውን ግማሽ ሰጠችው። ከዚያ እጇን ታጥባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከሳምንታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፌቷ ቀጥ ብሎ ሄደላት።

ጆሮና ሴትየዋ በር ላይ ተገናኝተው አብረው ገቡ። ጆሮ ባዶ እጁን ነበር።

«ክሪኩን ሌላ ሰው ቀድሞ ወስዶታል» አለ። «ዛሬ ጎማ መፍታት የለም። የደጁን ቁልቁለት አብረን እንውረድና እጄን የመኪናው በር ላይ አድርጌ ልሞክረው። ድምፁ ባይገኝ ንዝረቱ ይገኛል።»

«ጋሼ፣ የሥራ ባልደረባዬ ዘይት ጠብ አድርጊበት አለችኝ» አለች ሴትየዋ፣ የመኪናውን በር እየከፈተች። «ላድርግበት እንዴ?»

«እንዳታደርጊው!» ጆሮ እጁን አወራጨ። «ዘይት የነካው ፍሬን አይጮህም፤ አይይዝምም። ዝም ብሎ ወስዶ ከታች ከሚያገኘው የጭነት መኪና ሥር ይከትሻል።»

በሮቹ ተዘጉ። ሞተሩ ተነሳ።

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን እንደያዘች አንድ አፍታ ቆመች። ስለዚያች አፍታ በኋላ ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር በዚያ ንጹሕ ጫማ ፊት መዋረድ ነው፤ ባትናገር ቁልቁለቱ አለ። መኪናው ወደ በሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር መቀሱን ጥላ ወጣች፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ አንድ እግሯ ባዶውን።

«አትሂዱ! ቁሙ!»

ባሏ ፊት ለፊቱን እያየ እጁን በሩ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አልዞረም። ከመኪናው ጎን ሮጣ ቀደመችውና በግቢው በር መሐል እጆቿን ዘርግታ ቆመች። ሴትየዋ ደንግጣ ፍሬን ያዘች። መኪናው የሚቆምበትን አልፎ፣ አፍንጫውን ወደ አንድ ወገን ጎተት አድርጎ፣ ሽርጧን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ምንም አልጮኸም።

ጆሮ ዘሎ ወረደ። «አብደሻል እንዴ አንቺ ሴት?»

«ዘይት አድርጌበታለሁ።»

«ምን?»

«ዘይት! ፍሬኑ ላይ! የስፌት ዘይት!»

መኪናውን አየ፣ ከበሩ ባሻገር ያለውን ቁልቁለት አየ፣ ከዚያ እሷን አየ።

«የትኛው ላይ?»

«የሚጮኸው ላይ ነዋ። ግራው የፊት ጎማ።»

«ግራው?»

«ግራው! ቀኙን ስትፈታ የከረምከው እያወቅህ አይደል? እኔ ከመስኮቴ የምሰማውን አንተ ታጣዋለህ? ቅዳሜ እንዳያልቅብህ ነዋ! ጆሮ የለኝም መሰለህ?»

ጆሮ ወደ ሴትየዋ ዞረ፤ ሴትየዋ መሬት መሬት አየች። ልብስ ሰፊዋን ከሁሉም በላይ የወጋት ይህ ነበር፤ በሁለቱ መካከል እሷ የማታውቀው ነገር አለ።

«አለሽ» አለ ባሏ በመጨረሻ። «የሌለኝ እኔ ነኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቀጭን ድምፅ አይሰማኝም። ከዓመት በላይ ሆነው። ወፍራሙን እሰማለሁ፤ ሞተሩን፣ ጎማውን፣ የአንቺን ቁጣ። የወፍ ድምፅ፣ የስልክ ጥሪ፣ እንዲህ ያለ ፉጨት ግን... የለም። የሰው ወሬም ከንፈሩን እያየሁ ነው የምሞላው። ስድስት ቅዳሜ ይህ መኪና ሲጮህ አንድ ቀን አልሰማሁትም።»

ልብስ ሰፊዋ እጇ አሁንም እንደተዘረጋ ነበር። አወረደችው።

«እሷ ታውቃለች?»

«በሁለተኛው ቅዳሜ ነቃችብኝ። መድኃኒት ቤት ስንት ዓይነት ሰው ይመጣል።»

«እና እኔስ?»

ሴትየዋ ከመኪናው ወረደች።

«እትዬ፣ ለእርስዎ እንዲነግሩ በየቅዳሜው ለምኛቸዋለሁ።»

ይህ ነገሩን ያበርደዋል ብላ ይሆናል፤ አባሰው። ለእሷ ትዳር ሌላ ሴት በየሳምንቱ አማላጅ ሆና ኖራለች!

«እንዲህ ካወቅሽ ታዲያ ሌላ መካኒክ ጋ አትሄጂም ነበር? ፍሬን እኮ ነው! ስድስት ሳምንት ይዘሽው ትዞሪያለሽ?»

«ልክ ነዎት» አለች ሴትየዋ። «ጋሼ አዳምጠው አገኙት ቢባል ደስ ይላቸው ነበር፤ ያንን ልነጥቃቸው አልሆነልኝም። ደግሞ ቅዳሜ ቤት ውስጥ ረጅም ነው።»

ከዚያ በላይ አልጨመረችም። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከጫማዋ አንስታ ፊቷን አየች፤ ለረጅም ጊዜ ግን አላየችውም።

የልብስ ሰፊዋን ጩኸት የሰማችው ሬዲዮ በሩ ላይ ቆማለች። የራሷ ባል ክሪክ እንዳለው ትዝ ያላት ያኔ ነው። ክሪኩን ራሷ ተሸክማ አመጣችው፤ በምትኩ ይዛ የምትሄደው ወሬ ከክሪኩ ይከብድ ነበር። ሴትየዋ አዲስ ሸራ ልትገዛ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደች።

ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ። ጆሮ ግራውን ጎማ ፈትቶ ሸራዎቹን አወጣ። በውጭ በኩል ያለው ደህና ነው። በውስጥ በኩል ያለው፣ በቀዳዳ የማይታየው፣ አልቆ ብረቱ ላይ ሊደርስ የወረቀት ያህል ቀርቶታል። ጎኑ ላይ ያለችውን ጥፍር የምታህል ቆርቆሮ በጣቱ ነካ።

«ይቺ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየፋቀች እንድትጮህ የተሠራች ናት። አልቄአለሁ፣ ቀይሩኝ ማለቷ ነው።»

«ሰምቻታለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ሸራውን ጣለ፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ቢያጥቡትም አይድንም። ዲስኩን ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ ጀመረ። እሷ ውሃ ታፈሳለች።

«ለእሷ መናገር ቀለለኝ» አለ፣ ቀና ሳይል። «እሷ የድሮውን ጆሮዬን አታውቀውም።»

«እኔ ስለማውቀው ደበቅኸኝ?»

«ስለምታውቂው።»

ይህን ቃል አገላብጣ አየችው። ክብር ይሁን ስድብ መለየት አቃታት። ውሃውን ማፍሰሷን ቀጠለች።

«ከኋላ ስጠራህ ዝም የምትለኝ...»

እጁ ቆመ። «ትጠሪኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

ቁጥሩን ታውቀው ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜውን ብቻ አይደለም።

«አንዳንዴ» አለች።

ጆሮ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ንጹሕም ከሆነ በኋላ ጠረገ። ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሴትየዋ ሸራውን ይዛ በበሩ ገባች።

ሸራ የሚቀየረው በጥንድ ነው። ግራው ብቻ አዲስ ከሆነ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ስለዚህ ቀኙንም ፈታ፤ ለሦስተኛ ጊዜ። ሥራው ሲያልቅ ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቅ ሄዳለች። ጆሮ መሪውን ያዘ። ሴትየዋ እንደ ልማዷ ወደ ፊተኛው በር እጇን ስትሰድ፣ ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ቀበቶ እያሰረች አገኘቻት።

«ከኋላ ስቀመጥ ያቅለሸልሸኛል» አለች ልብስ ሰፊዋ። በሕይወቷ አቅለሽልሿት አያውቅም።

የመኪናው ባለቤት ጋዋኗን ገፋ አድርጋ ከኋላ ተቀመጠች።

ጆሮ በመጀመሪያ ግቢው ውስጥ፣ ቀጥሎ ደጃፉ ላይ ቀስ እያለ ፍሬኑን ሞከረው፤ ያዘ። ከዚያ ቁልቁለቱን ጀመሩ። መሐል ላይ ሲደርሱ ፍሬኑን እንደሚነካ ሰው ሳይሆን እንደሚያባብል ሰው በቀስታ ረገጠው። መኪናው ዝግ አለ፤ ከታች ሳይደርስ ጥግ ይዞ ቆመ።

«እ?» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ።

ከኋላ ሴትየዋ አንድ ነገር ልትል ትንፋሿን ሳበች። ልብስ ሰፊዋ ሳትዞር እጇን አነሳች።

«ቆዪ፣ እኔን ነው የጠየቀኝ።»

ሞተሩ ያጉረመርማል። ከጎማው ሥር አንድ ጠጠር ተፈናጠረ። ሌላ ምንም አልነበረም፤ ቀጭንም ወፍራምም። ባሏ ይጠብቃል። እንዲህ ሆኖ የእሷን ቃል ሲጠብቅ ያየችው መቼ ነበር?

«እርግጠኛ አይደለሁም» አለች። «ተመልሰን ከላይ እንሞክረው።»

ጆሮ ራሱን ነቀነቀና መሪውን አዞረ። ከኋላ የተቀመጠችው ሴት ጆሮዋ ደህና ነው፤ ፍሬኑ እንዳልጮኸ እንደ ልብስ ሰፊዋ አድርጋ ታውቃለች። ወንበሩን ደገፍ ብላ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።